የመንዝ አየር ንጹሕ ነው

መመሪያው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር፤ የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ ከብሎን ቁጥር ብዙም አያልፍም። ያም ሆኖ አንዷን መስመር ያለ መዝገበ ቃላት ተረዳኋት፦ ሴንሰሩን ቱቦው ላይ ከመግጠምዎ በፊት ንጹሕ አየር ላይ አንጠልጥለው ያስተካክሉት ትላለች። አንብቤ ሳቅሁ። መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ ላለ ሰው ንጹሕ አየር ፈልግ ማለት ምን ማለት ነው? ፋብሪካ የለን፣ የመኪና ብዛት የለን። ያለን ነፋስ ብቻ ነው፤ እሱም ከበቂ በላይ።

የመኪና ጥገና የተማርኩት ደብረ ብርሃን ነው። ጨርሼ ስመለስ መሐል ሜዳ ከገበያው ዝቅ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ዘርግቼ ጋራዥ ከፈትኩ። የሞባይል ኔትወርክ ገና ወደ ከተማችን የገባበት፣ ሰው ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ከጉብታ ጉብታ የሚዞርበት ጊዜ ነበር። ሥራዬ ባብዛኛው የጭነት መኪና ፍሬን፣ የሚኒባስ ፍሪሲዮን፣ የፈነዳ ጎማ ነው። የራሴ የምላት አንዲት አሮጌ ፒካፕ ነበረችኝ። ሞተሯ ሲሞት ከተገለበጠ መኪና የወጣ የቤንዚን ሞተር ገጠምኩላት፤ ሞተሩ ግን የመጣው ያለ ኮምፒውተሩ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሞተር ኮምፒውተር ከሌለው ምን ያህል ቤንዚን መርጨት እንዳለበት አያውቅም። ዐረብ አገር ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ የአጎቴ ልጅ ችግሬን ሰምቶ ለየትኛውም ሞተር የሚሆን ኮምፒውተር ከነሴንሰሩ በሰው እጅ ላከልኝ።

ሴንሰሩ አውራ ጣት የሚያክል ብረት ነው። የጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ ይገጠምና ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ይለካል። ኦክስጅኑ ከበዛ ቤንዚኑ አንሷል ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩ ይጨምራል። ካነሰ ደግሞ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ይቀንሳል። ይህን ሁሉ ከማድረጉ በፊት ግን ንጹሕ አየር ምን እንደሆነ መማር አለበት። ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍተህ ሴንሰሩን በባትሪ እንዲግል ታደርጋለህ፣ ከቱቦው ውጪ ታንጠለጥለዋለህ፣ ከዚያ በላፕቶፕ «ይህ ንጹሕ አየር ነው» ብለህ ታስመዘግበዋለህ። ከዚያ ወዲያ የሚያነበውን ሁሉ የሚመዝነው በዚያ በነገርከው ነገር ነው።

ያ ሁሉ ጥድፊያ ለአባቴ ነበር። አባቴ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ገብስ የሚያርሱ፣ በግ የሚያረቡ ሰው ናቸው። የግራ ዓይናቸው ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ቀኙም መጨለም ሲጀምር ደብረ ብርሃን ወስጄ አስመረመርኳቸው። የዓይን ግፊት ነው፤ ቶሎ ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት ይኼኛውም ይጠፋል፤ የጠፋ ደግሞ አይመለስም አሉን። ቀዶ ጥገናውን የሚሠሩት ሐኪሞች ከአዲስ አበባ ለጥቂት ቀናት ብቻ ይመጡ ነበር። ለአባቴ የደረሳቸው ተራ የመጨረሻው ቀን፣ ዓርብ ጠዋት ሆነ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ጭነው ይመለሳሉ ተባልን።

አባቴ ማክሰኞ ዕለት እኔ ቤት መጡ። ገና ጋቢያቸውን ሳያወልቁ «ሐሙስ ባውቶብሱ ልሂድ መሰለኝ። እዚያ ከዘመድ ቤት አድሬ ጠዋት በጊዜ እገኛለሁ» አሉኝ።

«ምን ሲደረግ!» አልኩ። «ልጅዎ መካኒክ ሆኖ እርስዎ ባውቶብስ ተጨናንቀው ሊሄዱ? ዓርብ ጎህ ሲቀድ ተነሥተን አራት ሰዓት ሳይሞላ እንደርሳለን።»

«መኪናዋ ገና አልተነሣችም አላልከኝም?»

«ነገ ትነሣለች።»

አባቴ ጋቢያቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ከሰው ጋር ሲከራከሩ የሚረታቸው የለም፤ ለእኔ ግን ይሸነፉልኛል። ያቺን ጉራዬን ባስታወስኩ ቁጥር ፊቴ ይቃጠላል።

ረቡዕ ጠዋት ስነሣ ውርጩ ግቢውን አንጥቶታል። አባቴ ከእኔ ቀድመው ተነሥተው፣ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ከመኪናዋ አጠገብ ተቀምጠዋል። እኛ ዘንድ ውርጭ በጣለ ጠዋት ሾፌሮች የሚያደርጉት ነገር አለ። በአሮጌ ሳፋ ላይ ኩበት አቀጣጥለው፣ አመድ አልብሰው አፍነው፣ ከሞተሩ ሥር ይገፉታል። ነበልባል የለውም፤ ቀስ እያለ ሲግም ብረቱ ይሞቃል፣ የረጋው ዘይት ይላላል። አባቴ ይህን የሾፌሮች ነገር ገበያ በመጡ ቁጥር ያዩት ነበር። የደረቀውን ኩበት በደከመ ዓይናቸው ሳይሆን በእጃቸው እየመዘኑ መርጠው፣ አቀጣጥለው፣ ሳፋውን በደረታቸው ተኝተው ከሞተሩ ሥር አስገብተውልኛል። ደረታቸውና ጉልበታቸው አፈር በአፈር ሆኗል።

«አሞቅሁልህ» አሉኝ።

ደስ አለኝ። እጄን ሳፋው ላይ ሞቅ ሞቅ አደረግሁና ሥራዬን ጀመርኩ። የሴንሰሩ ገመድ አጭር ስለነበር ወደ ጎን ሊወጣልኝ አልቻለም፤ እዚያው ከፊት ጎማው አጠገብ ወደ ታች አንጠለጠልኩት። ቁልፉን ከፈትኩ፤ ሴንሰሩ ጋለ። ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ የመጨረሻውን ቁልፍ ከመጫኔ በፊት አየሩን በረጅሙ ሳብኩ። «የመንዝ አየር ንጹሕ ነው» አልኩና ተጫንኩት።

«ምን አልክ?» አሉ አባቴ።

«መኪናዋን አየር እያስተማርኳት ነው።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ያን ቀንና በማግስቱ ሐሙስ ሜዳ ሜዳውን እየነዳሁ ሞተሩን አስተካከልኩ። ኮምፒውተሩ በሴንሰሩ ቃል ቤንዚን ጨመረ፣ ጨመረ፣ አሁንም ጨመረ፤ በመጨረሻ ላፕቶፑ ላይ የሚታየው የአየርና የቤንዚን ምጣኔ ቁጥር ልክ የምፈልገው ላይ ተቀመጠ። ከኋላ ጥቂት ጥቁር ጭስ ታወጣለች። የቱቦውን አፍ በጣቴ ስነካው ጥላሸት ያዘኝ። ከፍታው ነው አልኩ። አየሩ ስስ ነው፣ ይህ ይጠበቃል አልኩ። ላፕቶፑ ላይ ያለው ቁጥር ልክ ሆኖ ሳለ ጣቴን የማምንበት ምክንያት አልታየኝም።

ሐሙስ ጠዋት አውቶብሱ ጥሩምባውን እየነፋ በግቢያችን በር ሲያልፍ አባቴ ደጃፍ ቆመው ድምፁን እስኪርቅ ተከተሉት።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ተነሣን። አባቴ ደግመው አሙቀዋታል፤ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣች። ታጥቦ የነጣ ጋቢያቸውን ለብሰው ከጎኔ ተቀመጡ። ሐኪም ቤት ሳይሆን ሠርግ የተጠሩ ይመስሉ ነበር። ሜዳውን ጥሩ ሄድን። እኔም ወሬዬን ለቀቅሁት፤ ስለ ሴንሰሩ፣ ስለ ኮምፒውተሩ፣ ዐረብ አገር ያለው ዘመዳችን ስለላከው ነገር ሁሉ አወራሁላቸው። እሳቸው ያልገባቸውን ሁሉ እንደገባቸው ሆነው «አሃ» ይሉኛል።

ሞላሌን ካለፍን በኋላ ረዘም ያለው ዳገት ላይ ሞተሩ ማለክለክ ጀመረ፤ ማርሽ ቀነስኩ፤ አንገጫገጨን፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

«ቤንዚን ቤንዚን ይሸተኛል» አሉ አባቴ።

«አይደለም፤ እንዲያውም አንሷታል። ይኸው ቁጥሩ ይናገራል።»

ቁጥሩ በእውነትም ያንሳል ይል ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ ካንዴላዎቹን ነቀልኳቸው። አራቱም ከሰል መስለዋል፣ እርጥብ ጥላሸት። በብረት ብሩሽ ፈግፍጌ መለስኳቸው። ላፕቶፑ ላይ ደግሞ ቤንዚን ጨመርኩ። ተነሣች፤ መቶ እርምጃ ያህል ወጣችና እንደገና ሞተች። እንደገና ነቀልኩ፣ ፈገፈግሁ፣ ጨመርኩ። አሁን ሳስበው ያደረግሁት ነገር ውሃ ለዋጠ ሰው ተጨማሪ ውሃ ማጠጣት ነበር። ያኔ ግን ልጅ ሆኜ ከተማርኩት ሁሉ የበለጠ ያቺን ቁጥር አመንኩ።

በዚህ መሃል ገብስ የጫነ የጭነት መኪና ከኋላችን መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «አንድ ሰው ጋቢና ይይዝልኛል፤ አባትን ልውሰዳቸው?» አለ።

አባቴ ከመቀመጫቸው ተነሡ። እጃቸው የበሩን እጀታ ይዞ ነበር።

«ግድ የለም፣ ጨርሻለሁ» አልኩ። «አሁን ቁጥሩ ተስተካክሏል። እዚያ ሲወርዱ ማን ይመራቸዋል? እኔው አደርሳቸዋለሁ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። የቀኝ ዓይናቸው ሰውን በቅርጹ ብቻ ነበር የሚለየው። «እሺ» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። የጭነት መኪናው ሄደ። ቁጥሩ በእውነት ተስተካክሎ ነበር፤ መኪናዋ ግን ከዚያ በኋላ አንድ እርምጃ አልወጣችም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። የጠዋቱ አውቶብስ ቀድሞን አልፏል። ሚኒባሶች ሞልተው ያልፋሉ፤ እጄን አውለበልባለሁ፣ ሾፌሩ በእጁ ሞልቷል ይለኛል። ኔትወርክ የለም። ባትሪው በብዙ ቁልፍ ደክሞ ሞተሪኖው ይቃትታል። ላፕቶፑ ቀይ መብራት አብርቶ ጠፋ። እጄ እስከ ክርኔ ጥላሸት ሆኗል። የማደርገው ነገር አጣሁ። ነገር ማጣት ብቻ አይደለም፤ የማውቀው ሁሉ አንዱም እንደማይጠቅመኝ ገባኝ። ማልቀስ አማረኝ፣ አባቴ ፊት ደግሞ አፈርኩ።

አባቴ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ፀሐይ መልሰዋል።

«የት ደረሰች?» አሉኝ። ስለ ፀሐይዋ ነው።

«ገና ናት» አልኩ። ገና አልነበረችም።

«ልጄ፣ አሁንም ቤንዚን ይሸታል እኮ። ምናልባት በዝቶባት እንደሆነ...»

«ዝም ይበሉኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ስለ ሞተር እርስዎ ምን ያውቃሉ?»

በሕይወቴ አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። ድምፄ ገደሉን መትቶ ተመለሰ። አባቴ የጋቢያቸውን ጫፍ ይዘው «ና፣ እጅህን ጥረግ» አሉኝ። ያንን ታጥቦ የነጣውን ጋቢ ነው የሚሰጡኝ። አልጠረግሁም። ቆሜ ቀረሁ።

ሁለት ባዶ ቦታ ያለው ሚኒባስ ያገኘነው ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። ፒካፕዋን እዚያው ዳገት ላይ ትተናት ሄድን። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሰዎች አንድ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ታሽጎ በዘመዶቻቸው እየተመሩ ይወጣሉ። አንዲት ነርስ አግዳሚ ወንበሮቹን ታነባብራለች። የአባቴን ካርድ ተቀብላ አየችው።

«ጠዋት ስማቸው ሦስት ጊዜ ተጠራ» አለች። «ሐኪሞቹ ሄዱ። በሚቀጥለው ዙር መጀመሪያ ላይ እንጽፋቸዋለን፣ አይዞዎት አባባ።»

የሚቀጥለው ዙር ወራት ፈጀ። አዲስ አበባም ልወስዳቸው ብዬ ነበር፤ እዚያም ወረፋ ያዙ ተባልን፤ ወረፋው ሳይደርስ የዓይናቸው ብርሃን ጠፋ። አንድ ጠዋት አባቴ «ዛሬ ደመና ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ውጪው ጠራራ ፀሐይ ነበር። ሐኪሞቹ በመጡ ጊዜ አንደኛው በመብራት አይቶ ቀና አለና ነርቩ ሞቷል፣ ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ የቀረውን ብርሃን እናቆየው ነበር አለኝ። አባቴ ሲሰሙት ራሳቸውን ነቀነቁ። «እግዚአብሔር ከዚህ በላይ አላለልኝም» አሉ። እግዚአብሔር አልነበረም ያለው፤ እኔ ነኝ።

ፒካፕዋን አስጎትቼ አምጥቼ ግቢ ውስጥ አቆምኳት። ብዙ ጊዜ አልነካኋትም። ምን እንደነካት ያወቅሁት ከወራት በኋላ፣ በራሴ ብልሃት ሳይሆን በሰው አፍንጫ ነው። ለሥራ ከአዲስ አበባ የመጣ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ጎማ ሊያሠራ ገባ። ጠዋት ነው፤ አባቴ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ እኔ ጋ ይኖሩ ስለነበር እንደ ልማዳቸው ኩበቱን አፍነው ከአንድ ሚኒባስ ሥር ገፍተውታል። እንግዳው ገና በሩን ሲያልፍ አፍንጫውን በእጁ ያዘና አሳለ።

«ግቢህ እንዴት ይጨሳል፣ ወንድሜ!»

«የቱ ጭስ?» አልኩት።

በጣቱ ሳፋውን አሳየኝ። እኔ ደግሞ አየሁት፤ እንደ አዲስ አየሁት። ከሳፋው ላይ ቀጭን ሰማያዊ ጭስ እየተነሣ የፊት ጎማውን አቅፎ ወደ ላይ ይወጣል። የተወለድኩት እንጨት በሌለበት አገር፣ ኩበት በሚነድበት ቤት ነው። ልብሴ፣ ደብተሬ፣ የምበላው ቂጣ ሁሉ ያንን ሽታ ይሸት ነበር። ለእኔ ጭስ ማለት ከናፍጣ የሚወጣው ነው፤ የኩበቱን ከአየር ለይቼው አላውቅም።

እንግዳውን ሸኝቼ ሴንሰሩን ከፒካፕዋ ፈታሁት፤ ባትሪና ላፕቶፕ ይዤ ከከተማው ውጪ ነፋስ ወዳለበት ሜዳ ወጣሁ። አንጠለጠልኩት፣ አጋልኩት፣ አነበብኩት። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከመቶ ሃያ አንድ ገደማ እንደሆነ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። የእኔ ሴንሰር ሃያ አምስት አለኝ። እንዲህ ያለ አየር በምድር ላይ የለም። ያን ረቡዕ ጠዋት የኩበቱን ጭስ ንጹሕ አየር ነው ብዬ አስተምሬው ኖሮ፣ ከዚያ ወዲያ ያየው ሁሉ ኦክስጅን የበዛበት መሰለው፤ ቤንዚን ጨምር፣ ጨምር አለ። እኔም አመንኩት። አባቴ በአፍንጫቸው ልክ ነበሩ።

ሜዳው ላይ ተቀመጥኩ። ሴንሰሩን እንደገና አስተካከልኩት፤ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ገጥሜው ሳስነሣት ፒካፕዋ ያለ አንዲት ጥቁር ጭስ ተነሣች። በዚያው ሳምንት ያንን ዳገት ብቻዬን ወጣሁት። አንድ ጊዜ እንኳ አላሳለችም። አናቱ ላይ ስደርስ አቁሜ፣ በሩን ዘግቼ፣ ያን ቀን ያፈርኩበትን ልቅሶ አለቀስኩት።

አባቴ እስከ ዛሬ ውርጭ ሲጥል ይነሣሉ። ግድግዳውን እየዳሰሱ ይወጣሉ፤ ኩበቱን በእጃቸው መዝነው ይመርጣሉ፤ ሳፋውን የት እንደሚገፉት አይስቱም። ጎረቤት ሲመጣ ያን ዓርብ አንሥተው «መኪናዋ መንገድ ላይ ከዳችው እንጂ እኔስ በሚገባ አሙቄለት ነበር» ይላሉ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ «እውነት ነው» እላለሁ።

ባለፈው ጠዋት ግን ልነግራቸው ቆረጥኩ። ከሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብለው መዳፋቸውን ይሞቃሉ። ጎናቸው ተቀመጥኩ።

«አባቴ» አልኩ፤ «ያን ጊዜ ያነደዱልኝ እሳት...»

ፊታቸውን ወደ ድምፄ መለሱ። ግንባራቸው ተጨማደደ፣ ደነገጡ።

«ምነው? አንሶ ነበር እንዴ?»

«አይ» አልኩ። «በቂ ነበር።»

ፊታቸው ፈታ አለ። ጎንበስ ብለው በእጃቸው ፈልገው አንድ ኩበት ጨመሩበት።